ዓሣ ሻጯ በፍለጋ ሳጥን ፊት

ሊያው ጂንሺያ ሳባሂ የሚባለውን ብርማ ዓሣ አጥንት ስታወጣ ያየ ሰው፣ ሴትዮዋ ከዓሣው ጋር የምትመካከር ይመስለዋል። ቢላዋዋን ከማሳረፏ በፊት ጎኑን በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርጋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ልብስ ሰፊ ከጨርቅ ላይ ክር እንደሚመዝ አጥንቶቹን እየመዘዘች ታወጣለች። ሳባሂ የሚጣፍጠውን ያህል አጥንቱ የበዛ ነው፤ ታይናን በምትባለው የደሴት ከተማ ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጉሮሮው ላይ ተሰክቶበት አልቅሷል። ስለዚህ በጠዋቱ ገበያ ሰው የሌሎቹን ሻጮች ጠረጴዛ እያለፈ እሷ ጋ ይሰለፋል።

ይህች ሴት ሃምሳውን አልፋ ወደ ስድሳው ስታዘግም ማስተርስ ካልተማርኩ አለች።

ትምህርት ለእሷ እንደ ቀን ሥራ በተርታ የመጣ ነገር አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃን በማታ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በርቀት፣ ቅርፊት ከክንዷ ላይ ሳይለቅ ነው የጨረሰችው። አሁን ደግሞ ለሠራተኞች በተከፈተው የሳምንት መጨረሻ ክፍል ገብታ የባሕር ዳር ማኅበረሰብ ጥናት ትማራለች። ገበያው ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ከጎኗ ሽሪምፕ የሚሸጠው ሰውዬ «ዛሬ ዓሣው በዲግሪ ነው ወይስ በማስተርስ?» ይላታል። ባለቤቷ ሁዎዋንግ፣ ሞተር ሳይክል ጠጋኙ፣ «ፕሮፌሰሬ» ነው የሚላት፤ በተለይ ሩዙ ያረረባት ቀን።

የምታጠናው ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ልጅ ሳለች አንድ ሌሊት ከሰሜን ከባድ ብርድ ወረደ። ሳባሂ የሙቅ ውኃ ልጅ ነው፤ ብርድ አይችልም። ጠዋት አባቷ በሩን ሲከፍት ኩሬው ነጭ ሆኖ አገኘው። ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ተንሳፍፈዋል። አባቷ ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ዋለ። በዓመቱ በኩሬው ሰሜናዊ ጠርዝ ዓሦቹ ብርድ ሲመጣ የሚሸሸጉበት ጥልቅ ቦይ ቆፈረ፣ ከቀርከሃና ከጭድ የነፋስ መከለያ አቆመ። ከሞተ በኋላ ቦዩ ተደፈነ፤ ዛሬ ኩሬው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ተዘርግቷል። ጂንሺያ የኩሬ ሰዎች ከብርድ ጋር እንዴት ይታገሉ እንደነበር፣ የሚያስታውሱት ሳያልቁ መጻፍ ፈለገች።

አማካሪዋ ፕሮፌሰር ጁዎ ረጋ ያለ፣ ሻይ ሲጠጣ መነጽሩ በእንፋሎት የሚጋረድበት ሰው ነው።

«ወይዘሮ ሊያው፣ ርዕሱን ወድጄዋለሁ» አላት። «ግን ጥናት ብቻውን አይቆምም፤ የሚደገፍበት ግድግዳ ይፈልጋል። ከእርስዎ በፊት ስለዚህ ነገር ማን ምን ጻፈ? እስከ ፕሮፖዛሉ ቀን ያንን ይዘው ይምጡ። ካላገኙ ወደ ሌላው ርዕስ እንዞራለን።»

ሌላው ርዕስ የምሽት ገበያ ጎብኚዎች እርካታ ነበር። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጣሉ?» እያሉ መጠየቅ።

«ጎብኚ ሲያልፍ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ» አለችው ለባሏ እቤት ገብታ። «ፎቶ ያነሡኛል፣ ዓሣ አይገዙም። ምኑን ልጽፈው ነው?»

«ከኔ አንድ ውሰጂ» አለ ሁዎዋንግ። «እራት ገና ስላልቀረበ።»

በማግስቱ ገበያው ሲበተን እጇን በሎሚ አሽታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። እዚያ ለሚጠይቅ ሰው የምትቀመጠው ባለሙያ ወንግ ሹሁዊ ትባላለች፤ አርባዎቹን የጀመረች፣ የአየር ማቀዝቀዣውን እየረገመች በሐምሌም ሹራብ የምትደርብ ሴት። ሹሁዊ አንዲት ጠና ያለች ተማሪ ኮምፒውተሩ ፊት ብዙ መቆየቷን አየች። የሴትዮዋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የመፈለጊያውን ቁልፍ ከመጫኗ በፊትም ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ውጤቱ ሲመጣ ትተክዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች፣ እንደገና አንገቷን ትሰብራለች።

ሹሁዊ ከኋላዋ መጥታ ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን አነበበች።

«እኔ ሊያው ጂንሺያ፣ የአንናን ወረዳ ነዋሪ፣ በዝንጀሮ ዓመት የተወለድኩ፣ በልጅነቴ በብርድ ያለቁት የኩሬ ሳባሂዎች ጉዳይ የተጻፈበት ጥናት ካለ እንዲገለጥልኝ እለምናለሁ።»

ከሥሩ ማሽኑ ምንም አልተገኘም ብሏል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥያቄዬ ነዋ።»

«አድራሻዎ ምን ሊሠራ ገባ?»

«ካልነገርኩት በምን ያውቀኛል?» አለች ጂንሺያ፣ ሌላዋ ይህን አለማወቋ እየገረማት። «በዚህ ከተማ ስንት ሊያው አለ! አንቺስ ቤተ መቅደስ ስትሄጂ ስምሽንና ሰፈርሽን ሳትናገሪ ትለምኛለሽ? በረከቱ ጎረቤት ይገባብሻል እኮ።»

ሹሁዊ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አምላክ ይሰማል፤ ይሄ አይሰማም። ይሄ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የጻፉለትን ቃል በሙሉ አንድ ላይ የያዘ ጽሑፍ መኖሩን ማየት። የእርስዎን የቤት አድራሻ ጥናቱ ውስጥ ያስገባ ምሁር ደግሞ ገና አልተወለደም።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ዓሣ እሸጣለሁ።»

«እንግዲህ ጥያቄዎን እንደ ዓሣ ያስቡት። ጭንቅላቱን፣ ጅራቱን፣ ክንፉን ይቁረጡ። የሚበላው የቱ ነው?»

ጂንሺያ አሰበች። «ዓሣ» አለች። «ብርድ። ኩሬ።»

«ይኸው፣ ጨርሰዋል። አሁን ለእያንዳንዱ ወንድምና እህቱን ይፈልጉለት። እርስዎ ብርድ ያሉትን አንዱ ቅዝቃዜ ይለዋል፣ አንዱ ውርጭ፣ አንዱ የአየር ጠባይ አደጋ። እርስዎ ሳባሂ ያሉትንም ምሁሩ በላቲን ስሙ ይጠራዋል። ወንድማማቾቹን በ‹ወይም› ያያይዟቸው፤ መረቡ ይሰፋል። ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር ደግሞ በ‹እና› ያጋቧቸው፤ መረቡ ይጠባል።»

«ሰፊ መረብ ጥራጊ ያመጣል» አለች ጂንሺያ።

«ጠባቡ ደግሞ ባዶውን ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱንም መጣል ነው።»

ያን ቀን ሁለቱንም ሲጥሉ ዋሉ። ዓሣ ብቻ ሲሉ ተራራ መጣ፤ የዓሣ መኖ፣ የዓሣ ዘይት፣ ስለ ዓሣ የልጆች ሥዕል ሳይቀር። ሦስቱን ቤተሰብ ሲያጋቡ የሚነበብ ያህል ቀረ። ግን ሁሉም የትናንትና የዛሬ ጽሑፍ ነበር፤ ብርድ የሚችል ዓሣ ስለ ማዳቀል፣ የውኃ ሙቀት ስለሚለካ መሣሪያ። ያንን ብርድ በዓይኑ ያየ ሰው የጻፈው የለም። ጂንሺያ ዓመቱን ገድባ ስትጠይቅ፣ የድሮዎቹን የዓሣ ሀብት ጽሑፎች በያዘው የመረጃ ቋት ውስጥ እንኳ ማሽኑ ምንም አልተገኘም አለ።

በሌላ ሳምንት ስትመጣ ፓኬት ብስኩት ይዛ መጣች። በደሴቷ ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ ኮምፒውተር ባለበት ሁሉ ማሽኑ አናት ላይ የበቆሎ ብስኩት ይቀመጣል፤ ማሽኑ ጠባዩ እንዲያምር። ብስኩቱ ግን አረንጓዴ ፓኬት መሆን አለበት።

«እትዬ ጂንሺያ፣ ምን አደረግኩዎት!» ሹሁዊ ፓኬቱን ከማሽኑ አናት ላይ ላፍ አደረገችው። «ቢጫ! ቢጫው እኮ ማሽኑን ያስተኛዋል።»

«ቢጫው ይጣፍጣል ብዬ ነው።»

«ለማን?»

«ለኔ» አለች ጂንሺያ፣ እና ማሽኑ እንዳይሰማ ጠረጴዛ ሥር ደብቀው በሉት።

ቀኑ እየቀረበ ነበር። ጂንሺያ ገበያ ውስጥ ዓሣ እየመዘነች በአፏ ቃላት ታጋባለች፤ ቅዝቃዜ ወይም ውርጭ፣ ኩሬ ወይም እርባታ። ደንበኛዋ «ሆዱን ብቻ» ስትላት «ሆድ እና ምን?» ብላ መለሰች። ሁዎዋንግ የጎብኚዎቹን መጠይቅ አብሯት እንደሚያድል፣ ሞተር ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ እያስገደደ እንደሚያስሞላላት ቃል ገባላት። ይህን ያለው ሊያጽናናት ነው፤ እሷ ግን በዚያ ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታው ተኛች።

በቀጣዩ ጊዜ የብስኩቱን ኃጢአት ለመካስ ከሰፈሯ የዓሣ አምራቾች ማኅበር አንድ ብልቃጥ የተፈተገ የደረቀ ዓሣ ለሹሁዊ አመጣችላት፣ ጠዋት በሩዝ ሾርባ ላይ የሚነሰነሰውን። ሹሁዊ ብልቃጡን ገልብጣ ሥሩ ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀን አየች።

«ይበላል፣ ይበላል» አለች ጂንሺያ። «በኛ ዓመት ነው የተጻፈው። ገበያ ውስጥ እኮ ቀኑን ሙሉ ይሄንኑ ነው የምመልሰው፤ ‹እትዬ፣ ይሄ በኛ ነው በነሱ?›»

በደሴቷ ዓመት በሁለት ይቆጠራል፤ አንዱ ዓለም የሚቆጥረው፣ ሌላው ሪፐብሊኩ ከቆመበት ጀምሮ የሚቆጠረው። በመካከላቸው አሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ዓመት አለ። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ባለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ለመሳሳትም እንደዚያው።

ሹሁዊ ብልቃጡን በቀስታ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ የድሮው ቋት ውስጥ ዓመቱን ከስንት እስከ ስንት ብለው ነው የገደቡት?»

«ከ1970 እስከ 1990። መምህሩ ጥናቱ በዓለም አቆጣጠር ይጻፍ ብሏል፤ በሱ ነው የሞላሁት።»

«እኔም አጠገብዎ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ዝም አልኩ» አለች ሹሁዊ፣ ግንባሯን ይዛ። «ያ ቋት እኮ ከድሮ ካርዶች የተገለበጠ ነው። ካርዱ ላይ እንደነበረው፣ በኛ ዓመት። ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ሰባት ነው የሚለው። እርስዎ ከ1970 ወዲህ ሲሉት ማሽኑ ስድሳ ሰባትን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በሃን ነገሥታት ዘመን የተጻፈ አድርጎ ወረወረው።»

«ስለ ሳባሂ? በሃን ዘመን?»

«ይጥፋ ይሄ ገደብ።» ሹሁዊ ሁለቱን ቁጥሮች ሰረዘች። ጂንሺያ ራሷ ቁልፉን ተጫነች፤ በዚህ ጊዜ መዳፏን አላጋጠመችም፣ ጊዜም አልነበራትም።

ገጹ ሞላ።

አብዛኞቹ አጫጭር የማኅበር መጽሔት ጽሑፎች ነበሩ። ሹሁዊ ግን እንድታነብ የፈቀደችላት አንዱን ብቻ ነው። «አርእስቱን ይተዉት። ከታች ያቺን ትንሽ መስመር ይዩ። ይህን ጽሑፍ የመዘገበ ሰው ስለምን እንደሆነ በራሱ ቃል አስቀምጧል፦ የኩሬ እርባታ፣ የብርድ ጉዳት። እሱን ቢጫኑት በዚያው ስም የተመዘገቡ ዘመዶቹ ሁሉ ይመጣሉ፤ አርእስታቸው ሌላ ነገር ቢልም።»

ተጫነችው። ከመጡት ዘመዶች መካከል አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር፤ ተንግ ያውዞንግ የተባለ ተማሪ በደሴቷ አቆጣጠር በስድሳ ሰባት፣ ከብርዱ በዓመቱ የጻፈው። «ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች የቅዝቃዜ መከላከል» ይላል አርእስቱ። ሳባሂ የሚል ቃል የለበትም፤ ጂንሺያ ስትፈልገው የከረመችው ቃል።

ጽሑፉ ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም። ምድር ቤት ካለው ማከማቻ አወጡላትና በንባብ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብላ አነበበችው። መጀመሪያ ፊቷ እንደ በዓል ልብስ አበራ። ቦዩ በሰሜን ለምን እንደሚቆፈር፣ መከለያው ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ የጉድጓድ ውኃ መቼ እንደሚጨመር፣ ሁሉም አለ። የሰፈሯ ስም እንኳ ከሰፈሮቹ መካከል ተጽፏል። እያነበበች ስትሄድ ግን ብርሃኗ እየቀነሰ መጣ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ጽሑፉን ዘግታ እጇን ላዩ ላይ ጫነች።

«ታዲያ ሰውዬው ጨርሶልሻል» አለ ሁዎዋንግ ያን ማታ። «አመስግኚውና ዓሣ እንጥበስ።»

«መምህሩ ግድግዳ ፈልጊ ነው ያለኝ። እኔ ጣራው የተከደነ ቤት ነው ያገኘሁት። መግቢያ የለውም።»

ሁዎዋንግ አልቀለደም። ዓሣውን ራሱ ጠበሰው፤ አሳረረው፣ እሷም በላችው።

ሹሁዊ ወሬውን ስትሰማ ያላዘነችው እሷ ብቻ ናት።

«እስካሁን የፈለጉት ወደ ኋላ ነው» አለች። «አሁን ወደ ፊት ይፈልጉ። ይህን ሰው ከሱ በኋላ የመጡት አንብበውታል። የጠቀሱትን እንይ። ቤት ከሆነ ማን ክፍል እንደጨመረበት፣ ማን በሩን እንደረሳው እናያለን።»

የጠቀሱት ብዙ ባይሆኑም ጥቂት አልነበሩም። ጂንሺያ ወስዳ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከገበያው ጠረጴዛ ጀርባ በላስቲክ ሸፍና። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ታያት። ሁሉም ስለ ኩሬው ይጽፋሉ፣ ሁሉም የኩሬ ባለቤቶችን ይጠይቃሉ፣ ሁሉም ወደዚያ ሌሊት ሲደርሱ በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ያበቃሉ፦ ዓሦቹ ሞቱ፤ ኪሳራው ከባድ ነበር። ከዚያ አራት ነጥብ።

ጂንሺያ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። አጠገቧ የነበረው ተሳፋሪ ቦታ ቀየረ።

ያ ጠዋት በአራት ነጥብ አላበቃማ። አባቷ ኩሬው ዳር ቁጭ ብሎ ሲውል እናቷ አብራው አልተቀመጠችም። ሻሽዋን አጥብቃ ጎረቤቶቿን ጠራች። ሴቶቹ ከነልብሳቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ዓሣውን ጎትተው አወጡ። የሆድ ዕቃው ወጣ፣ ጨው ተነሰነሰ፣ ገሚሱ ጣራ ላይ ተሰጣ፣ ገሚሱ በዝንጅብልና በአኩሪ አተር ሶስ ተቀቀለ፣ የተረፈው በትልቅ ብረት ድስት እስኪፈተግ ተማሰለ። ጨዉን ማን ምን ያህል እንደሚያደርግ የሚያዝዙት የጎረቤታቸው ሚስት እማማ ጉዎ ነበሩ፤ ያኔ ድምፃቸው ከኩሬ ማዶ ይሰማ ነበር። ሰፈሩ ለወራት የበላው፣ በሩዝ የለወጠው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የላከው በዚያ ዓሣ ነው። ወንዶቹ ስለ ኩሬው ተጠይቀዋል። ሴቶቹን የጠየቀ የለም።

ወይስ አለ?

«እሱን ነው ማወቅ ያለብን» አለች ሹሁዊ። «ባዶ ሁለት ዓይነት ነው እትዬ። ያልፈለገ ሰው ባዶና የፈለገ ሰው ባዶ። ባለፈው የመጣልዎት የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። አሁን ሁለተኛውን እንሥራ።»

ሁለተኛው ዓይነት ባዶ እጅግ ልፋት አለው። ሴት፣ ሚስት፣ እናት፣ የቤተሰብ ጉልበት፤ ጨው፣ ማድረቅ፣ ማቀነባበር፣ ማቆየት። እነዚህን ሁሉ ከዓሣውና ከብርዱ ጋር አጋቧቸው። በአንዱ ቋት የሞከሩትን በሌላው ደገሙት፣ ዓመቱን አንዴ በኛ አንዴ በነሱ አደረጉት። በእንግሊዝኛውም ሹሁዊ የቃሉን ጅራት ቆርጣ በቦታው ኮከብ ምልክት አደረገች፤ ማሽኑ የቃሉን ልጆች ሁሉ አብሮ እንዲያመጣ። ጂንሺያ የትኛው ቋት ውስጥ በየትኞቹ ቃላት ምን እንደመጣና ለምን የሚፈለገው እንዳልሆነ በአንድ ሉህ ላይ ጻፈች። የሚመስል ነገር በመጣ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ አንብባ ሌላ ነገር ሆኖ ስታገኘው ትተነፍሳለች። ሰው የሚፈልገውን እንዳያገኝ እየጸለየ ሲፈልግ መዋሉ ለራሷም አሳቃት።

የፕሮፖዛሉ ቀን ሁዎዋንግ ሱቁን ዘግቶ በሞተር አደረሳት። በር ላይ «ጎብኚዎቹ ሰላምታ ልከውልሻል» አላት። በቦርሳዋ መታችው።

ከፕሮፌሰር ጁዎ ጋር ሁለት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ጂንሺያ ርዕሷን ተናገረች፤ ብርዱን መከላከል ሳይሆን ከብርዱ በኋላ። ተንግ ያውዞንግ የሠራውን አከበረች፣ እሱን የተከተሉትን አነሣች፣ ሁሉም የቆሙበትን ቦታ አሳየች። ድምፅዋ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ስለ ጨዉ ስትደርስ ግን የገበያ ድምፅዋ መጣና ከፈታኞቹ አንዷ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ አደረገች።

«ወይዘሮ ሊያው» አለ ፕሮፌሰር ጁዎ፣ «ማንም አልጻፈበትም ማለት ከባድ ቃል ነው። አላገኘሁም ሌላ ነው፣ የለም ሌላ።»

«ያ ልዩነት አሳሬን አብልቶኛል፣ መምህር።» ሉኋን አቀረበችለት።

ፕሮፌሰሩ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ ራሱ መሞከር ጀመረ፤ ጂንሺያ የጣቶቹን ድምፅ እየሰማች ቆመች። የነበራት ሁሉ አሁን በዚያ ሰው ጣት ላይ ነበር። ጣቶቹ ቆሙ።

«ይሄስ?» አለ። «ሴቶች፣ ዓሣ፣ ማቀነባበር፣ በዚያው ዘመን።»

ጂንሺያ ጎንበስ ብላ አየችው። «የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ዓሣው በመርከብ የመጣ ነው፤ ኩሬም ብርድም የለበትም። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሴቶቹን እንዴት እንደጠየቀች ከእሷ እማራለሁ ብዬ ይዤዋለሁ።»

ሌላ ሞከረ። ያም ሉኋ ላይ ነበር። ሦስተኛ ሞከረ፤ ማሽኑ ምንም አልተገኘም አለ። ፕሮፌሰር ጁዎ ላፕቶፑን ከደነውና ሻዩን አነሣ።

«ግድግዳ ብያት ነበር» አለ ለፈታኞቹ፣ ደስታው ከመነጽሩ ጀርባ እየታየ። «እሷ ግድግዳውንም፣ ያልተሠራውን ክፍልም ይዛ መጣች። ጎብኚዎቹን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ።»

«ለጎብኚዎቹም ይሻላቸዋል» አለች ጂንሺያ።

ፈታኟ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ እነዚያ ሴቶች በሕይወት አሉ ወይ። ጂንሺያ እማማ ጉዎ እንዳሉ፣ ዘጠናን እንዳለፉ፣ በአንድ ጆሯቸው እንደሚሰሙ፣ የማይፈልጉትን ጥያቄ ደግሞ በሁለቱም እንደማይሰሙ ተናገረች። «እንግዲያው ይፍጠኑ» አለቻት ፈታኟ።

ጂንሺያ ከሕንፃው ወጥታ ዛፍ ሥር ቆመችና ደወለች። ሁዎዋንግ ከሞተሩ ላይ ሆኖ በምልክት «እህሳ?» ይላታል፤ በእጇ ጠብቅ አለችው።

«እማማ፣ ጂንሺያ ነኝ። የሊያው ልጅ። ቅዳሜ እቤት ነዎት?»

«የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? ምን ፈልገሽ ነው?»

«የሆነ ነገር ልጠይቅዎት። ስለዚያ ብርድ። ዓሣው ስላለቀበት።»

ጂንሺያ ስልኩን በየትኛው ጆሮ እንደያዙት ልትጠይቅ ስትል መልሱ መጣ።

«ስለ ብርዱ እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ እማማ ጉዎ። «ብርዱ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። ስለ ጨዉ ከሆነ ነይ። ጠዋት ነይ ግን፤ ወሬው ይረዝማል።»